ማንም ያልነካው ኮድ ለምን ወደቀ?

(በአምቦ ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ጠዋት በሆለታና በጊንጪ አድርጌ ስመጣ ስለ ስኬት ልናገር ነበር ያሰብኩት። መንገድ ላይ ሐሳቤን ቀየርኩ፤ ስለ አንድ ስሕተቴ ልንገራችሁ። የግብርናና የሕግ ምሩቆች ትንሽ ታገሡኝ።

እኛ ኮድ ጽፈን ስንልክ ሌላ ኮምፒውተር ተቀብሎ ይገጣጥመዋል፣ ይፈትሸዋል፤ ካለፈ ለተጠቃሚ ይደርሳል። ይኼን ቢልድ እንለዋለን። እኛ የምንሠራው ጊትሃብ በሚያቀርበው ማሽን ነው። ማሽኑ ባዶውን አይመጣም፤ ፓይተኑ፣ ጃቫው፣ ዶከሩ ተጭኖበት ነው። አምቦ ቤት ተከራይቶ የተማረ ሰው ይገባዋል፦ አከራይዋ ምጣድ ካላቸው ምጣድ አትገዛም። ምጣዱ ግን ያንተ አይደለም።

በ2017 ዓ.ም. ከገና በኋላ ባለው ሰሞን ቢልዳችን አንዴ ያልፋል፣ አንዴ ይወድቃል። ያው ኮድ! ሲወድቅ «ቴራፎርም የሚባል ትእዛዝ አልተገኘም» ይላል። ቴራፎርም ሰርቨሮቻችንን የምናዘጋጅበት ፕሮግራም ነው። እሱን የሚጠራውን ስክሪፕት መጨረሻ ያስተካከለችው ከዚሁ ግቢ የወጣች ልጅ ናት፤ ሥራ ከጀመረች ገና ሦስት ወሯ። «ምን ነክተሽ ነው?» አልኳት፣ ሰው ፊት። «ኧረ ጋሼ፣ እዚያ ጋ ምንም አልነካሁም» አለች። አላመንኳትም። ቀኑን ሙሉ የራሷን ሥራ ስትመረምር ዋለች፤ ቅዳሜንም ጨመረች።

ያገኘችውም እሷው ናት። ሎጉ መጀመሪያ ላይ፣ ማናችንም አንብበነው የማናውቀው ቦታ፣ የማሽኑ ዓይነት ተጽፏል። ያለፈው ቢልድ ኡቡንቱ 22.04 ላይ ነው፤ የወደቀው 24.04 ላይ። እኛ ፋይላችን ላይ «ኡቡንቱ ሌተስት» ብለን ነበር የጻፍነው። ጊትሃብ ደግሞ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር 9 ድረስ ይኼን ስም ቀስ በቀስ ወደ አዲሱ እያዛወረ ነበር። አስቀድሞም አስታውቋል፤ ያላነበብነው እኛ ነን። አዲሱ ላይ ቴራፎርም የለም። እንደሚያስፈልገን ደግሞ የትም አልጻፍንም።

ይቅርታ ጠየቅኳት። ሰው ፊት ነበር የተናገርኳት፣ ሰው ፊት።

ከዚያ የማሽኑን ስም በቁጥሩ ጻፍን። ይኼ ጊዜ ይገዛል እንጂ አያድንም፤ 20.04 በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ከጊትሃብ ማሽኖች ወጥቷል፣ የ22.04ም ተራ ይደርሳል። ዋናው ሥራ የምንፈልገውን ሁሉ ከነቨርዥኑ ጽፈን ቢልዱ ራሱ እንዲጭነው ማድረግ ነበር። ቢሯችን ባለው ማሽን ላይ ግን ሁሌ ማውረድ በኛ ኢንተርኔት አይታሰብም፤ ለእሱ አንድ የዶከር ምስል አዘጋጅተን እዚያው አስቀመጥን። ማሽን ላይ ገብቶ በእጅ መጫን ተከልክሏል፣ እኔም ጭምር።

ዝርዝሩን አሁን የምትቆጣጠረው ያቺው ልጅ ናት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለች፤ ስሜን እንዳትጠራ ብላኛለች። ፋይሉን ማየት ለምትፈልጉ ከምሳ በኋላ ላፕቶፔን ይዤ እጠብቃለሁ።