ፈቃድ ያለው ሁሉ ይሠራል?

እሷ፦ ፈቃድ ባለው ተቋራጭ ተሠርቶ ዓመት ሳይሞላው የሚሰነጠቅ ግድግዳ ለአድማጮቻችን አዲስ አይደለም። ታዲያ ፈቃዱ ምን ይሠራል?

እሱ፦ ያጣራል። ተቋራጭ ደረጃ የሚሰጠው በባለሙያው፣ በማሽኑና በገንዘብ አቅሙ ነው። ያ ባይኖር ሚክሰር የገዛ ሁሉ ፎቅ ይጀምር ነበር።

እሷ፦ አሁንስ አልጀመረም? ፈቃዱ የአንዱ፣ ሥራው የሌላው የሆነበት ሳይት ሞልቷል። መሐንዲሱ ስሙን አከራይቶ ቦታውን እንኳ አያውቀውም።

እሱ፦ እሱ የቁጥጥር ጉድለት ነው እንጂ የፈቃዱ አይደለም።

እሷ፦ እንግዲያው ስለ ቁጥጥሩ እናውራ። አርማታ እኮ የምስክር ወረቀት አያነብም! ሶሌታ ሲሞላ ሥራው እንዲቀል ውኃ ይጨመርበታል፤ ሲፈስ ደስ ይላል፣ ሲደርቅ ግን ጥንካሬ የለውም። ናሙናው በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ላቦራቶሪ ገብቶ በማሽን ይጨፈለቃል። ለናሙናው ብቻ ጥሩ አርማታ ተለይቶ ከተቦካ ግን ውጤቱ ስለ ሕንጻው ምን ይነግረናል?

እሱ፦ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንጻዎችን ምድብ ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ የከፈለው እኮ ከባዱ ሥራ ጠበቅ ያለ ክትትል እንዲያገኝ ነው። ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመውን ምድብ ሐ ውስጥ አስገብቶታል።

እሷ፦ ሕጉማ አለ። የጎደለው ሶሌታ በሚሞላበት ቀን ሳይት የሚገኝ ተቆጣጣሪ ነው።

እሱ፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ፤ ፈቃድ ብቻውን ጥራት አያመጣም።

እሷ፦ ቤት የምታሠሩ አድማጮቻችን፣ ፈቃዱን ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ። ሳይት የሚውለው መሐንዲስ ማን እንደሆነ በውሉ ይጻፍ፤ ናሙናውም በፊታችሁ ይወሰድ።