ስለ ዓይነ ስውራን ተማሪዎችና ስለ ዕረፍት ሰዓት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ የበዓል ቀን እኛ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች እንድንናገር ሲፈቀድልን፥ ስለ መጽሐፍ እጥረት እንናገራለን ብላችሁ ሳትገምቱ አልቀራችሁም። እጥረቱ እውነት ነው፤ አማርኛን በብሬይል ስንጽፍ ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ስለምንወጋ፥ በእናንተ እጅ ቀጭን የሆነው መጽሐፍ ወደ እኛ ሲመጣ ወፍራም ጥራዝ ይሆናል። ነገር ግን ከትምህርቱ ይልቅ የሚከብደን የዕረፍት ሰዓት ነው።

ደወል ሲደወል ሁሉም ወደ ሜዳ ይሮጣል። እኛ ወዳጃችንን ከሩቅ ለይተን ወደ እርሱ መሄድ አይሆንልንም፤ እርሱ ካልመጣ ግድግዳ ተደግፈን ሁለተኛውን ደወል እንጠብቃለን። ከሚመጡትም አንዳንዶቹ «ማን ነኝ? እስቲ እወቀኝ» እያሉ ይፈትኑናል፤ አንዳንዶቹ ጆሯችንም የታመመ ይመስል ይጮኹብናል። ከሁሉ የሚብሰው አጠገባችን የቆመውን «እሱ ሻይ ይጠጣል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከንፈር መምጠጡም ከደግ ልብ የመጣ ቢሆን እንኳ ወዳጅነትን አይወልድም። ከንፈር ከሚመጠጥለት ሰው ጋር ማን ይቀልዳል? ማንስ ይጣላል? እኛ ግን መቀለድም መጣላትም ያምረናል።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተጻፈውን የበርጤሜዎስን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ሕዝቡ ዝም እንዲል ገሠጹት፤ ጌታችን ግን ማየት የተሳነው መሆኑ የታወቀ ሲሆን፥ ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ አስቀድሞ ጠየቀው። እኛንም ጠይቁን። ስትመሩን እጃችንን ይዛችሁ አትጎትቱ፤ ክንዳችሁን ስጡን፥ እኛ እንይዛለን። ስትመጡ ስማችሁን ንገሩን፤ ስትሄዱም «ሄድኩ» በሉን፤ ሰው በሌለበት ብቻችንን ስናወራ የቆየንበት ቀን ብዙ ነውና። መምህራን ሆይ፥ በሰሌዳው ላይ የምትጽፉትን በቃል ብታነቡልን ከኋላ ለተቀመጡትም ይጠቅማል። ወላጆችም ዓይነ ስውር ልጅ ቢኖራችሁ፥ ወንድሞቹን ስትልኩ እርሱንም ላኩት።

የትነበርሽ ንጉሤ በልጅነቷ የዓይኗን ብርሃን አጥታ፥ በሻሸመኔ በካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠናች፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። በተማሪነቷም ጊዜ በማኅበራት ሥራ ትሠራ ነበር። እንግዲህ በክርክር ማኅበራችን ስማችን ከተረኞች ዝርዝር ይግባ፤ መዋጮም እንደ ሌላው ተማሪ ጠይቁን፥ ባንከፍል ውቀሱን።

ብሬይል ራሱ የተማሪ ሥራ ነው። ሉዊ ብሬይል በፓሪስ ተማሪ ሳለ፥ በ1824 እ.ኤ.አ. ገና በ15 ዓመቱ የነጥቦቹን ፊደል አሰናዳ። ነጥቦቹ ስድስት ብቻ ስለሆኑ ዓይናማም በቶሎ ይለምዳቸዋል። መማር የምትሹ ሁሉ ማክሰኞ በዕረፍት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ታገኙናላችሁ፤ ወረቀቱና መውጊያው ከእኛ ዘንድ አለ።