ስለ ፓፓያ ተክልና ስለሚስማማው አየር
በሐይቅና በአምባሰል ላሉ አስተማሪዎችና ሽማግሎች የተነገረ



ከእናንተ አንዱ አባት «ፓፓያ በአገራችን ይኾናልን?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። መልሱ እንደ ስፍራው ነው።

ፓፓያ ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ የቈላ ተክል ነው፤ ውርጭን ፈጽሞ አይችልም። ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,500 ሜትር ድረስ እጅግ ይስማማዋል፤ ከዚያ በላይ ፍሬው ይዘገያል፥ ጣዕሙም ይቀንሳል። የሐይቃችን ዳር 1,900 ሜትር ያህል ስለ ኾነ እኛ ያለነው በድንበሩ ላይ ነው። ስለዚህ ከውጫሌ ወደ መርሳ በሚወርደው ሙቅ አገር ያለ ሰው ሳይሠጋ ይትከል፤ በአምባሰል ደጋ ያለ ግን ድካሙን ለሌላ ተክል ቢያውለው ይሻለዋል። የሐይቅ ሰው ደግሞ ከነፋስ የተከለለ፥ የጧት ፀሐይ የሚያገኘው ተዳፋት ይምረጥ።

ረባዳ ስፍራ አይመረጥም። ባስተማርሁበት በአንድ ትምህርት ቤት ውሃው ቅርብ ነው ብለን በሜዳው ተከልን። በክረምት ውሃ ተኛበት፥ ሥሩ በሰበሰ፥ በመስከረም አንድም አልተረፈልንም። የልጆቹ አባቶች ሣቁብን፤ ከዚያ ወዲያ ኹለት ዓመት ሙሉ ከእኛ ችግኝ የሚቀበል ሰው አጣን።

ዘሩ ከበሰለ ፍሬ ይውጣ፤ የሸፈነው ልጋግ በዐመድ ታሽቶ ይታጠብ፥ በጥላ ይድረቅ። ልጋጉ ካልለቀቀ ዘሩ ቶሎ አይበቅልም። ችግኙ አንድ ስንዝር ሲደርስ፥ አንድ ክንድ በተቈፈረና ፍግ በገባበት ጕድጓድ ሦስት ሦስት አድርጎ መትከል ነው፤ ከጕድጓድ እስከ ጕድጓድ 3 ሜትር ይኹን።

ስለ ምን ሦስት? ፓፓያ ወንዴና ሴቴ አለው፤ አበባው ሳይወጣ ግን ማንም ሊለየው አይችልም። ብዙ ሰው «መካን ነው» ብሎ የሚቈርጠው ወንዴው ነው፤ አንዳንዱም ችኩል አበባውን ሳይጠብቅ ሴቴውን ይጥላል። የወንዴው አበባ ትንንሽ ኾኖ በረጅም ዘለላ ይንጠለጠላል፤ የሴቴው ጠና ብሎ ከግንዱ ይጠጋል፥ በውስጡም ገና ከጅምሩ የፍሬ ምልክት ይታያል። ኹለቱንም ጾታ በአንድ አበባ የያዘ ዐይነትም አለ፤ እርሱ ብቻውን ያፈራል። አበባው ከታየ በኋላ በየጕድጓዱ አንድ ይቅር፤ ለዐሥር ሴቴ አንድ ወንዴ ይበቃል። የሚወገደው ከመሬት ይቈረጥ እንጂ አይነቀል፤ ቢነቀል የጎረቤቱን ሥር ያናጋል።

አበባውን እየተመለከቱ በመዝገብ መጻፍ ለተማሪዎች የተገባ ሥራ ነው። ከጥሬው ፍሬ የሚወጣው ነጭ ወተት ግን ቆዳ ስለሚያሳክክ፥ ፍሬውን ታላላቆቹ ይቍረጡ።