ቤት በአውቶቡስ ላይ
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ክበብ የቀረበ ንግግር)



ለዛሬው ውይይት የመረጥነው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ይኸውም በአሜሪካ አገር ቤታቸውን ትተው፣ ወይም ቤት አጥተው፣ ዓመቱን ሙሉ በአውቶቡስ ውስጥ ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። ፎቶግራፉን ያየ ሁሉ ተራራውንና ነፃነቱን ያደንቃል። እኛ የምንጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ ውሃው ከየት ይመጣል? እድፉ ወዴት ይሄዳል? ሌሊቱስ የት ያልፋል?

አውቶቡሱ ብዙውን ጊዜ ተማሪ ሲያመላልስ የኖረ ነው። ቢጫ ቀለሙ በ1939 እ.ኤ.አ. ፍራንክ ሳይር በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ በሰበሰቡት ጉባኤ የተወሰነ ነው። ሲያረጅ በጨረታ ይሸጣል፤ ገዢውም ወንበሮቹን ነቅሎ አልጋና ማድቤት ይሠራበታል። በብዙ ግዛቶች ቀለሙን እንዲለውጥ ሕግ ያስገድደዋል። ትልቁ አውቶቡስ 12 ሜትር ያህል ቢረዝምም የውስጥ ስፋቱ 2 ሜትር ተኩል አይሞላም፤ ስለዚህ አንዱ ሲያበስል ሌላው ቁጭ ብሎ መጠበቅ አለበት።

ከሁሉ አስቀድሞ ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሠፈር ላደግን ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ስለሚመዝን፣ 400 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ መኪናው 400 ኪሎ ተጨመረበት ማለት ነው። አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው በቀን 10 ሊትር ቢጠቀሙ በ10 ቀን ያልቃል። ስለዚህ ሳሕን ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ይጠረጋል፤ ገላም በጣሳ እየተቀዳ ይታጠባል። እጣቢው በሌላ ዕቃ ተጠራቅሞ በተፈቀደ ቦታ ይደፋል። ለመጸዳጃ ብዙዎቹ ሽንትን ከዓይነ ምድር የሚለይ፣ ውሃ የማይፈልግ መቀመጫ ይጠቀማሉ፤ ሁለቱ ካልተቀላቀሉና በደረቁ ላይ ሰጋቱራ ከተነሰነሰበት ሽታው እጅግ ይቀንሳል።

ቀጥሎ መብራት ነው። ጣራው ላይ 400 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ የዘረጋ ሰው 5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ የሚደርሰው ቢበዛ 2 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህ ለአምፑል፣ ለስልክና ለትንሽ ማቀዝቀዣ ይበቃል። የእኛ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ የቀኑን ሀብት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይፈጀዋል! ስለዚህ የሚበሰለው በጋዝ ነው። የሚጠቀሙበት ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈተልክ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ የማስጠንቀቂያው ደወልም ከወለሉ አጠገብ ይደረጋል። እሳት በነደደ ጊዜ ሁሉ የአየር መግቢያ መክፈት፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወልም መኖር የግድ ነው። ከሰል አግብቶ፣ በር ዘግቶ መተኛት ያመጣውን ሐዘን ለሚያውቅ ያገራችን ሰው ይህን ማስረዳት አያሻም።

ሞተሩም መረሳት የለበትም። ሞተር ሲበላሽ ቤቱ ራሱ ጋራዥ ይገባል፤ ቤተሰቡም ውጭ ይቀራል። ስለዚህ አስተዋይ የሆነ ሰው ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ሳያስቀምጥ አይነሣም።

ወንድሞችና እኅቶች፤ እስካሁን የቈጠርነው ሁሉ በእጅ ሥራና በጥንቃቄ የሚቻል ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራው የማይችለው ግን የማደሪያውን ቦታ ነው። በፌዴራሉ መንግሥት ሰፋፊ መሬቶች ላይ ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀን መስፈር ይፈቀዳል። በአሪዞና በረሃ በኳርትዝሳይት አጠገብ ደግሞ ፈቃድ የከፈለ ሰው ከመስከረም 15 እስከ ሚያዝያ 15፣ በፈረንጆቹ አቈጣጠር፣ ሊከርም ይችላል። ሥራው፣ ሐኪሙና የልጆቹ ትምህርት ቤት ግን በረሃ ውስጥ አይደሉም። በከተማ ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል። በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኦሪገን ስለምትገኘው የግራንትስ ፓስ ከተማ በ6 ድምፅ ለ3 ሲፈርድ፣ በሕዝብ ቦታ ሰፍሮ ያደረን መቅጣት በሕገ መንግሥቱ የተከለከለ የጭካኔ ቅጣት አይደለም ብሏል። ከከሳሾቹ አንዷ በመኪናዋ ውስጥ ታድር የነበረች ሴት ናት።

የአፋር እናት ቤቷን ነቅላ በግመል ስትጭን የምትወርድበትን ውሃና የሚቀበላትን ዘመድ ታውቃለች። ተንቀሳቃሽ ቤትን ቤት የሚያሰኘው ማረፊያው ነው። ጡረታ እየተቀበለ በፈቃዱ የሚዞር ሽማግሌና የቤት ኪራይ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት በመኪና የሚያድር ሠራተኛ ውሃ የሚቀዱት ከአንድ ቧንቧ ሊሆን ይችላል፤ በሌሊት መስኮቱ ሲንኳኳ ግን የሁለቱ ልብ እኩል አይደነግጥም። አንዱ የሚሄድበት አለው።

ነገሩ ለተማሪም ሩቅ አይደለም። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሎንግ ቢች ሲቲ ኮሌጅ በ2021 እ.ኤ.አ. በመኪናቸው ውስጥ ለሚያድሩ ተማሪዎቹ የመኪና ማቆሚያውን ሌሊት በጥበቃ ከፈተላቸው። ይህ ቤት መስጠት አይደለም፤ ቢሆንም ተማሪው ሳይባረር ተኝቶ በማግስቱ ፈተና እንዲቀመጥ ያደርጋል።

እንግዲህ ለውይይቱ የምንተወው ጥያቄ ይህ ነው። በክፍል ውስጥ ከጎናችን የሚቀመጠው ጓደኛችን ማታ የት እንደሚያድር እናውቃለን ወይ? ካላወቅንስ የማኅበራችን ሥራ ከየት ሊጀምር ኖሯል?