ከጡሩምባው በፊት
(ለእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



ጡሩምባ ሲነፋ ነጠላችንን አዘቅዝቀን እንሮጣለን። ማታ ከጎረቤት ጩኸት ሲሰማ ግን «የባልና ሚስት ነገር ነው» ብለን በራችንን እንዘጋለን። ይኼ ደግ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛውን ደብድቦ አካል ወይም አእምሮ የጎዳ ሰው እንደሚቀጣ ይናገራል። ስለዚህ ነገሩ የጓዳ ገመና ብቻ አይደለም።

ጩኸት ስንሰማ ሁለት ሦስት ሆነን በር እናንኳኳ። የተጎዳችውን ሐኪም ቤት እናድርስ፤ ለፖሊስ ማመልከት ብትፈልግ አብረናት እንሂድ። ሽምግልና ስንቀመጥም አስቀድመው እናቶች ለብቻዋ ያነጋግሯት፤ ባሏ አጠገብ ሆና እውነቱን አትናገርም። «ቻይው» ብለን ወደ ዱላ አንመልሳት።

ለቀብር የምንደርሰውን ያህል በሕይወት ላለም እንድረስ።