የሚኑስ ቀኖች እንዴት ይቆጠራሉ?
(ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ባንክ ስለሚሰጠን የሒሳብ መግለጫ ነው፤ በወረቀትም ይምጣ በስልክ ይታይ ያው ነው። ከቁጥሩ አጠገብ አንዲት ትንሽ ሰረዝ ካለች የራሳችን ገንዘብ አልቆ የባንኩን እየበላን ነው ማለት ነው። በዚህ አገር «ሚኑስ» ይሏታል። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፍ ሰረዟ አንዳንዴ በቁጥሩ ግራ፣ አንዳንዴም በቀኝ ትታተማለችና ሁለቱንም ወገን ተመልከቱ።

ብዙዎቻችን ሒሳባችንን የምናየው ደመወዝ በገባ ዕለት ነው። በዚያ ዕለት ሁሉም ደኅና ይመስላል። ለምሳሌ አንድ ቤተሰብ በወሩ 20 ቀን 1,500 ሸቀል ነበረው፤ የቀሩትን 10 ቀኖች 1,000 ሸቀል ሚኑስ ሆነ እንበል። ሁሉን ደምረን ለ30 ብናካፍል ወደ 667 ሸቀል ትርፍ ይወጣል። ባንኩ ግን እንዲህ አያሰላም። የሚኑስ ወለድ የሚታሰበው በየቀኑ ነውና የ10ሩን ቀን ያስከፍላል። ድምሩ የሸሸገውን ቆጠራ ይገልጠዋል።

ስለዚህ በቤታችሁ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ሚኑስ የሆነውን ቀን ሁሉ ምልክት አድርጉበት፤ በወሩ መጨረሻም ምልክቶቹን ቁጠሩ። ዜሮ ሚኑስ አይደለም። ያላያችሁት ቀን ደግሞ ዜሮ አይደለም፤ ባዶውን ተዉትና ኋላ ከመግለጫው አይታችሁ ሙሉት። አንዱን ወር 3፣ ቀጥሎ 6፣ ከዚያ 10 ከሆነ ነገሩ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው።

ቆጠራ ብቻውን ግን አይበቃም። 10 ቀን በ50 ሸቀል ሚኑስ የቆየና 2 ቀን በ6,000 ሸቀል የወረደ አንድ አይደሉም። ከቀኑ ብዛት አጠገብ የወሩን ትልቁን ሚኑስ ጻፉ፤ ባንኩ ከፈቀደው ወሰን፣ «ሚስገሬት» ከሚሉት፣ ጋርም አስተያዩት።

ከሁሉ የሚከብደው የቼክ ጉዳይ ነው። ቤት ስንከራይ ብዙ ጊዜ የዓመቱን 12 ቼክ በአንድ ቀን ፈርመን እንሰጣለን። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ሽፋን የሌላቸው ቼኮች ሕግ መሠረት በ12 ወር ውስጥ 10 ቼክ ገንዘብ በማጣት ከተመለሰ፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻውም መካከል ቢያንስ 15 ቀን ካለፈ፣ ሒሳቡ ለአንድ ዓመት ይታገዳል፤ ባለቤቱም በዚያ ሒሳብ ላይ ቼክ መጻፍ አይችልም። ሕጉ የሚቆጥረው የቼኩን ብዛት እንጂ የገንዘቡን መጠን አይደለም። የ100 ሸቀል ቼክም የ5,000 ሸቀል ቼክም እኩል አንድ ናቸው። ስለዚህ የቼኩን ቀን በዚያው የቀን መቁጠሪያ ላይ ጻፉ። የሚኑስ ቀኖች ወደዚያ ቀን ሲጠጉ ካያችሁ፣ ቼኩ ከመመለሱ በፊት ወደ ባንኩ ሂዱ፤ አከራዩንም አነጋግሩ።

ልጆቻችን ዕብራይስጡን ያነቡልናል፤ መልካም ነው። ቁጥሩና ሰረዟ ግን ቋንቋ አይጠይቁምና ቆጠራውን ወላጆች በገዛ እጃችን እንያዘው።