ሞተር የሌለው ፍሪጅ ማቀዝቀዝ ሲያቆም

(በካኩማ ለምግብ ቤት፣ ለሻይ ቤትና ለሱቅ ባለቤቶች የተሰጠ ገለጻ)



ዛሬ የምንነጋገረው በጋዝም በመብራትም ስለሚሠራው ትንሹ ፍሪጅ ነው። ይህ ፍሪጅ በብዛት የሚሠራው በመኪና ለሚጎተት የመንገደኛ ቤት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ለዕረፍት የሚወጡ ሰዎች አልጋና ማብሰያ ያለውን ቤት ከመኪናቸው ኋላ አስረው ይጓዛሉ። መብራት በሌለበት ስለሚያድሩም ፍሪጁ በጋዝ፣ በመብራትና በ12 ቮልት ባትሪ እንዲሠራ ተደርጓል። መብራት ለሚቸግረን ለእኛም የሚመቸው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ያገለገለውን የሚገዛ ሰው መመሪያውን አብሮ አያገኝም። ስለዚህ ፍሪጁ አንድ ቀን ማቀዝቀዝ ሲያቆም «ሞተ» ብሎ ይጥለዋል፤ አለዚያም ለማያውቀው ሰው ያስበሳዋል። በመካከሉ ሥጋው ይበላሻል፣ ወተቱ ይደፋል። ጎረቤት በአደራ ያስቀመጠው መድኃኒት ካለ ደግሞ ጉዳቱ ከገንዘብ በላይ ነው።

በቅድሚያ አሠራሩን እንመልከት። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1922 የፈጠሩት ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት የስዊድን ተማሪዎች ናቸው። ይህ ፍሪጅ ሞተር የለውም። በኋላው ባሉት ቱቦዎች ውስጥ ውኃ፣ አሞኒያና ሃይድሮጂን ታሽገዋል። ከታች ያለው እሳት ወይም የመብራት ማሞቂያ ውኃውን ሲያፈላው አሞኒያው ተንኖ ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ሲደርስ ሙቀቱን ለአየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ ወደ ፍሪጁ ውስጥ ወርዶ እንደገና ሲተን የምግቡን ሙቀት ይወስዳል። በመጨረሻም ውኃው መልሶ ይመጠውና ወደ እሳቱ ይመለሳል። ፈሳሹን የሚገፋው ሞተር ስለሌለ የሚወርደው በራሱ ክብደት ብቻ ነው። የሚቀጥሉት ነጥቦች ሁሉ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

አንደኛ፣ አቀማመጡን እዩ። ፍሪጁ ካዘነበለ ፈሳሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ማፍያው ያለ ፈሳሽ ሲግል ደግሞ ቱቦው ውስጡ ይደፈናል። የግንበኛ ውኃ ልክ ብታገኙ መልካም ነው፤ ካልተገኘ ውኃ የተሞላ ሳህን በፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡና ውኃው በሁሉም ወገን ከከንፈሩ እኩል መሆኑን ተመልከቱ። ወለላችን አሸዋ ስለሆነ ከሥሩ ጠንካራ ጣውላ አንጥፉ፤ በየጊዜውም መርምሩት።

ሁለተኛ፣ አየር ስጡት። በተጎታቹ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከፍሪጁ ኋላ፣ አንዱ ከታች ሌላው ከላይ ሁለት የአየር መስኮቶች አሉ። እኛ ግን ፍሪጁን ከቆርቆሮ ጋር አጣብቀን እናስቀምጠዋለን፤ የከሰዓት ፀሐይ ደግሞ ቆርቆሮውን ያግለዋል። ቢያንስ አንድ ስንዝር አርቁት፤ ከኋላው የከረመውን አቧራ በብሩሽ ጥረጉ። ከእነዚህ ፍሪጆች ብዙዎቹ ለቀዝቃዛ አገር የተሠሩ ስለሆኑ በቀትር ቢደክሙ አይግረማችሁ።

ሦስተኛ፣ ጊዜ ስጡት። ይህ ፍሪጅ ቀርፋፋ ነው። ከሞቀበት ተነሥቶ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ሙሉ ቀን ይወስዳል። በሁለት ሰዓት ውስጥ አልቀዘቀዘም ብላችሁ አትፍረዱበት። ትኩስ ወጥና ያልቀዘቀዘ ለስላሳ በአንድ ጊዜ አትሙሉበት። የበሩን ጎማ ለመፈተን ወረቀት አስገብታችሁ በሩን ዝጉና ሳቡት፤ ያለ ችግር ከወጣ ብርዱም በዚያው ይወጣል። ውስጡ የጋገረውን በረዶ በቢላዋ አትፋቁ። አጥፍታችሁ በሩን ከፍታችሁ አቅልጡት።

አራተኛ፣ ጥፋቱ ከየት እንደሆነ ለዩ። በመብራት አንድ ቀን፣ በጋዝ አንድ ቀን ሞክሩት፤ ሁለቱን ግን በአንድ ጊዜ አታብሩ። በመብራት አቀዝቅዞ በጋዝ እምቢ ካለ ጥፋቱ የጋዙ ነው። በጋዝ አቀዝቅዞ በመብራት እምቢ ካለ ማሞቂያው ተቃጥሏል፣ ወይም የጄኔሬተሩ መብራት ደካማ ነው። ከ220 ወደ 160 ቮልት ሲወርድ የማሞቂያው ኃይል በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በሁለቱም እምቢ ብሎ ማፍያው ግን በደንብ እየሞቀ ከሆነ የታሸገው ቱቦ ተደፍኗል ወይም አፍስሷል ማለት ነው። ያኔ ለጥገና ገንዘብ አታባክኑ።

ባትሪን በተመለከተ ሂሳቡን አስሉ። 100 ዋት የሚወስድ ማሞቂያ ከ12 ቮልት ባትሪ ከ8 አምፔር በላይ ይስባል። 100 አምፔር-ሰዓት የሆነውን የሶላር ባትሪ በ12 ሰዓት ገደማ ያራግፈዋል፤ ባትሪው እንዳይጎዳ በግማሹ ብታቆሙ 6 ሰዓት ብቻ ነው። የባትሪው መንገድ የታሰበው መኪናው እየሄደ ባትሪውን በሚሞላበት ጊዜ ብርዱን ለማቆየት ነው።

አምስተኛ፣ የጋዙን እሳት ተመልከቱ። ነበልባሉ ሰማያዊና የጸና መሆን አለበት። ቢጫ ከሆነና ጥቀርሻ ካበዛ አቧራ ገብቶበታል። ጋዙን ዘግታችሁ፣ እስኪበርድ ጠብቃችሁ፣ ማቃጠያውንና የጭስ ማውጫውን አጽዱ። በጭስ ማውጫው ውስጥ የተንጠለጠለ የተጠማዘዘ ብረት አለ፤ ወደ ቦታው መመለሱን አትርሱ፤ ያለ እሱ ሙቀቱ በከንቱ ይወጣል። ጋዙ የሚወጣበትን ቀጭን ቀዳዳ በመርፌ አትውጉ፤ ቀዳዳው ከሰፋ እሳቱ ልኩን ያጣል። በአልኮል ነክራችሁ እንዲደርቅ አድርጉ። እሳቱ ቁልፉን ስትለቁት የሚጠፋ ከሆነ፣ ነበልባሉ ውስጥ የሚገባው የደኅንነት ዘንግ ጫፍ ቆሽሿል ወይም ከቦታው ፈቀቅ ብሏል። የቧንቧ መፍሰስን በሳሙና አረፋ እንጂ በክብሪት አትፈትኑ።

አሁን ሁለቱን የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ልንገራችሁ። አንዱ ዓይንና አፍንጫን የሚያቃጥል የአሞኒያ ሽታ፣ ሌላው በኋላ ቱቦዎች ላይ የሚታይ ቢጫ ዱቄት ነው። ይህን ካያችሁ እሳቱን አጥፉ፣ በሩን ክፈቱ፣ ልጆችን አውጡ። የሚወጣው ሃይድሮጂን ተቀጣጣይ ነው። «ጋዙ አልቋልና ልሙላው» የሚል ሰው ቢመጣም ቱቦውን እንዳይበሳው ከልክሉት። የባለ ሞተሩ ፍሪጅ ጋዝ ይሞላል፤ ይኸኛው ግን በከፍተኛ ግፊት የታሸገ ስለሆነ በመንደር አይሞላም። በተጨማሪም በጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ ባለበት ዝግ ክፍል ማንም አይደር። በደንብ ያልነደደ እሳት ሽታ የሌለው ገዳይ ጭስ ያወጣል።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር ላክል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ብርድ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ጎረቤት አደራ ቢላችሁ ትንሽ ተርሞሜትር አስገቡና ጠዋትና ማታ አንብቡ። ከበረዶ ቤቱ አጠገብ አታስቀምጡት፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም። ፍሪጁ የተበላሸ ዕለትም ለባለቤቱ ሳትዘገዩ ንገሩት። መድኃኒቱን ይዞ ክሊኒክ ይጠይቅ።

ከተሰብሳቢዎች መካከል አንዲት እናት «ፍሪጁ ተገልብጦ ቢያድር ይድናል ይባላል፤ እውነት ነው?» ሲሉ ጠይቀዋል። መልሱ የሚከተለው ነው። አዘንብሎ የከረመ ፍሪጅ ሲገለበጥ ፈሳሹ ተቀላቅሎ አንዳንዴ ይነሣል። ነገር ግን ጋዝና መብራቱን ሳትነቅሉ አታንሡት። መልሳችሁ ካቆማችሁት በኋላም አንድ ቀን ሳይበራ ይቁም። ሽታ ወይም ቢጫ ዱቄት ያለበትን ከቶ አትገልብጡ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ በውኃው ሳህን ጀምሩ።